የነተበውን በስሙ ጥሪው

የእህቴ ልጅ፣ ትሬድቤር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለጫማ አትስጪው። ለመኪናም፣ ለበርም፣ ለድስትም አይሆንም። ቃሉ የጨርቅ ነው፤ ከጨርቅ ወጥቶ ለሌላ ነገር ሲነገርም የጨርቅ ጠባዩን ይዞ ነው የሚሄደው። በላክሽልኝ ጽሑፍ ውስጥ ግን ጫማውም፣ ምንጣፉም፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውም፣ የጡረተኛው መምህር ካፖርትም በሁለት ቃል ብቻ ተዳርሰዋል፤ እኩሌታው ትሬድቤር፣ እኩሌታው ሻቢ። እንግሊዝኛሽ የሚያስቀና ነው። ሰዋስውሽ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሚያስነሳ ነገር ብዙም አላገኘሁም። ያረጀ ዕቃ ፊት ስትደርሺ ግን ዕቃውን ሳታዪው ቃል እንደወረወርሽበት ያስታውቃል። እኔ በትርጉም ሥራ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ እርጅና ቃላት የምናገረው አላጣም፤ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ቃሉ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፤ ይኼን ካወቅሽ ግማሹ ሥራ አለቀልሽ። እንግሊዝ በመካከለኛው ዘመን የኖረችው በበግ ጸጉር ነው። ሀብቷም፣ ቀረጧም፣ የነጋዴዎቿ ኩራትም ሱፍ ነበር። የላይኛው ምክር ቤታቸው አፈ ጉባኤ ዛሬም የሚቀመጠው ሱፍ በታጨቀበት ሰፊ ቀይ መቀመጫ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አገር ስለ ጨርቅ የሚነገር ቃል በደንብ የተመዘነ ነው። ጥሩ የሱፍ ጨርቅ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ሥራው ገና አላበቃም። ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይወቀጣል፤ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እስኪጠብቁ ድረስ ይደበደባል። ከዚያ ቲዝል በሚባል ተክል እሾሃማ ራስ ፊቱ ይበጠርና ደቃቁ ጸጉር ብድግ ይላል። በመጨረሻ በትልቅ መቀስ እኩል ይከረከማል። እዚህ የደረሰ ጨርቅ ላይ ክር ፈልገሽ አታገኚም፤ የሚታይሽ ለስላሳ ፊቱ ብቻ ነው።

ልብሱ ሲለበስ፣ ሲለበስ ያ ደቃቅ ጸጉር ይረግፋል። ከሥር የነበረው ድርና ማግ እርቃኑን ይወጣል። ትሬድ ክር ነው፤ ቤር ደግሞ የተራቆተ። እንግዲህ ትሬድቤር የተባለ ልብስ አልተቀደደም፣ አልተቦጨቀም፣ ቀዳዳም የለውም። ለመቀደድ ግን ተቃርቧል። ቃሉ የሚይዘው ያቺን የመጨረሻዋን ደረጃ ነው። ቀዳዳ ካየሽ ሌላ ቃል ፈልጊ።

በሬ ሥር የሚንጠለጠለውን ካፖርቴን ታውቂዋለሽ። ስትመጪ አውርጂውና ወደ መስኮቱ ያዥው። ክርኑ ላይ ጸጉሩ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ ጨርቁ ያብለጨልጫል። ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ የሚታሸው የቀኝ እጅጌው ጠርዝ ከግራው ይልቅ ቀጥኗል። የኪሱ አፍ፣ እጅ ሲገባና ሲወጣ፣ ቀለሙ ለቆ ወደ ግራጫ አድልቷል። ኮሌታው የሚታጠፍበት መስመር ላይ ደግሞ ድርና ማጉን አንድ በአንድ መቁጠር ትችያለሽ። አሁን ኮሌታውን ቀና አድርገሽ ከሥሩ እዪ። ፀሐይም እጅም ያልደረሰበት ጥቂት ቦታ አለ። እዚያ ጨርቁ የተገዛ ዕለት እንደነበረው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ በጣትሽ ብትዳስሺው ጸጉሩ ይሰማሻል። ትሬድቤር ክርኑና ኮሌታው እንጂ ካፖርቱ በሙሉ አይደለም ብትዪኝ አልከራከርሽም። እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ ማየት ጀምረሻል ማለት ነው።

በአማርኛ ነተበ እንላለን፤ ሳሳም እንላለን። ነጠላ ታጥቦ ታጥቦ ሲሳሳ ብርሃን ያሳልፋል። ፊቱ ላይ የተበጠረ ጸጉር ስለሌለው የሚረግፍ ነገር የለውም፤ የሚቀጥነው ፈትሉ ራሱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዛሬ ለሳሳ አንሶላም፣ ለሳሳ ፎጣም፣ ለመጋረጃም ትሬድቤር ስለሚሉ ለነጠላ ብታውዪው የሚከለክልሽ የለም። ጋቢ ላይ ግን ረጋ በዪ። ጋቢ አራት ንብብር ነው፤ በታጠበ ቁጥር እየለሰለሰ፣ ሰውነት እየለመደ የሚሄድ ልብስ ነው። የአያትሽን ጋቢ ትሬድቤር ብትዪው ውሸት ባይሆንም ፍቅሩን ገደልሽው። ለእንዲህ ያለው ዌልዎርን የሚል ደግ ቃል አላቸው፤ ብዙ የተለበሰ፣ ተለብሶም የተስማማ ማለት ነው። እሱንም ለልብስና ለመንገድ እንጂ ለአባባል ስታውዪው ተጠንቀቂ፤ ዌልዎርን የተባለ አባባል ሁሉም አፍ ላይ ውሎ የተሰለቸ ነው።

የምትጽፊው ስለ ሰው ነውና ዋናው ጉዳይ ቃሉ በሰው ላይ ሲያርፍ የሚያደርገው ነገር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጄፍሪ ቾሰር የካንተርበሪ ተረቶች በተባለው ሥራው ወደ ካንተርበሪ ሊሳለሙ የሚሄዱ መንገደኞችን አንድ በአንድ እየሳለ ያስተዋውቀናል። አንዱ የኦክስፎርድ ተማሪ ነው። ፈረሱ አጥንቱ ወጥቷል፤ እሱም ቢሆን ሥጋ የለበትም፤ የደረበው አጭር ካፖርት ትሬድቤር ነው። ከወዳጆቹ ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ ለመጽሐፍ ያውለዋል። ከጌጠኛ ልብስ ይልቅ የአርስቶትል መጻሕፍት አልጋው ራስጌ ቢደረደሩለት ይመርጣል። ሌላው መንገደኛ እየዞረ የሚለምን መነኩሴ ነው። ስለ እሱ ሲናገር ቾሰር ካባው እንደ ድኻ ተማሪ ካባ ትሬድቤር እንዳልነበረ ጣል ያደርጋል። በድህነት ለመኖር ቃል የገባ መነኩሴ ምርጥ ወፍራም ሱፍ ደርቦ ይንጎራደዳል። ቾሰር ስድብ አልተናገረም፤ ያው አንድ ቃል ተማሪው ላይ ሲሆን አከበረው፣ መነኩሴው ላይ ሲጎድል አጋለጠው። የቆሎ ተማሪን በደበሎው ያየ ኢትዮጵያዊ ይኼን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል ያደገ ሰው ተማሪው ላይ አይስቅም።

እንግዲህ የመምህሩን ካፖርት ትሬድቤር ብትዪው መምህሩን አላዋረድሻቸውም። ሻቢ ስትዪ ግን ሌላ ነገር ውስጥ ገባሽ። ሻቢ የመጣው ሻብ ከሚል ጥንታዊ ቃል ነው፤ እከክ ማለት ነው። ያ እከክ ዛሬም ከቃሉ ላይ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ልብሱ ማርጀቱን ብቻ ተናግሮ አያቆምም፤ ለባሹ ቸል ማለቱንም፣ መጎሳቆሉንም ይጨምርበታል። ከልብስ ወደ ጠባይም ተሻግሯል፤ ወዳጁን የካደ ወይም ሠራተኛውን ያለ አግባብ ያሰናበተ ሰው ሥራው ሻቢ ይባላል፣ ነውረኛ ማለት ነው። አሁን ወደ ጽሑፍሽ ተመለሺ። የካፖርቱ ቁልፎች አንድም እንዳልጎደሉ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ እንዳስለጠፉበት፣ እንግዳ ሲመጣ ቦርሸው እንደሚለብሱት አንቺው ጽፈሻል። ከዚያ በሚቀጥለው መስመር ሻቢ አልሽው። አንደኛው ዓረፍተ ነገር ሌላውን አፈረሰው። በነገራችን ላይ እንግሊዞቹ የድሮ ኑሮው የራቀውን፣ ጨዋነቱን ግን ያልጣለውን ሰው ሻቢ ጀንቲል ይሉታል። ያም ቢሆን ውስጡ ትንሽ ሽሙጥ አለበት፤ የሚናገረው ሁልጊዜ የተሻለ የለበሰው ሰው ነው።

ሻቢን ስታወጪ ደግሞ በቦታው ሾዲን እንዳትተኪ። ድምፃቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የሾዲ ታሪክ ረዘም ይላል፤ እኔ ግን ስለምወደው አላልፈውም።

እ.ኤ.አ. በ1813 ገደማ፣ በዮርክሻየር ባትሊ በምትባል ከተማ፣ ቤንጃሚን ሎው የተባለ ጨርቅ ሠሪ አሮጌ የሱፍ ቡትቶን ዘልዝሎ፣ ከአዲስ ሱፍ ጋር ቀላቅሎ እንደገና መፍተል የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። የዚያ ጨርቅ ስም ሾዲ ነበር። በዚያን ጊዜ ስድብ አልነበረም፤ ቡትቶ ዳግም የሚወለድበት ሥራ መጠሪያ ነበር። ባትሊና ጎረቤቷ ዱዝበሪ በዚህ ከበሩ። ቡትቶው ከአውሮፓ አገሮች በቦንዳ በቦንዳ እየተጫነ ይመጣላቸው ነበር። ሴቶች ተቀምጠው በቀለምና በዓይነት ይለዩታል፤ ቁልፉን ይነቅላሉ፤ ስፌቱን ይተረትራሉ። ከዚያ ጥርሳም ማሽን ውስጥ ገብቶ ይበጣጠሳል፤ ማሽኑን ሠራተኞቹ ዲያብሎስ ይሉት ነበር። በዲያብሎስ ጥርስ ያለፈው ተፈትሎና ተሸምኖ ካፖርትና ብርድ ልብስ ሆኖ ይወጣል። አዲስ ሱፍ መግዛት የማይችል ሠራተኛ ሞቆት የከረመው በዚህ ነው።

ቃሉን ያበላሸው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ የሰሜኑ መንግሥት በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ የደንብ ልብስ አስፈለገው። ከአቅራቢዎቹ አንዳንዶቹ እርባና ቢስ የሾዲ ጨርቅ እየሰፉ አስረከቡ፤ ዝናብ ሲነካው ወታደሩ ላይ ተበጣጠሰ። ጋዜጦቹ ጮኹ፣ በጦርነቱ የበለጸጉት ነጋዴዎች በዚሁ ቃል ተሰደቡ፣ ሾዲም ከዕቃ ስምነት ወደ ነውርነት ተዛወረ። ዛሬ ሾዲ ማለት በግዴለሽነት የተሠራ፣ ላይ ላዩን ያማረ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ትናንት ተመርቆ ዛሬ ግድግዳው የተሰነጠቀ ሕንፃ ሾዲ ነው። የመምህሩ ካፖርት ግን ሾዲ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባልቆየ ነበር፤ ማርጀቱ ራሱ በደንብ መሠራቱን ይመሰክርለታል። በበኩሌ ፍርዱ በቃሉ ላይ መውደቁ ያናድደኛል፤ የሰረቁት ነጋዴዎቹ፣ ስሙ የጠፋው ጨርቁ። ያው ሥራ ዛሬም በጣሊያን ፕራቶ፣ በሕንድ ደግሞ ፓኒፓት ውስጥ ይሠራል። አሮጌ ሱፍን መልሶ መፍተል አሁን ለተፈጥሮ አሳቢነት ተብሎ ይወደሳል፤ ስሙን ግን ሾዲ ብሎ ለገዢ የሚናገር ነጋዴ እምብዛም ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስልሽ። ጫማ ፊቱ ከተጫረ ስከፍድ ነው፤ ተረከዙ አልቆ ከወደቀ ዳውን አት ሂል ይሉታል፤ ይኼኛው ከጫማው ይልቅ ስለ ባለ ጫማው ኪስ ስለሚናገር ሰው ፊት አይባልም። ጠርዙ የተተረተረ ገመድ፣ እጅጌ ወይም ቀበቶ ፍሬይድ ነው፤ ነርቩ ያለቀ ሰውንም በዚሁ ቃል ይገልጹታል። የገጹ ጥግ እየታጠፈ ያረጀ መጽሐፍ ዶግ ኢርድ ነው፤ የውሻ ጆሮ አወጣ ማለታቸው ነው። መደርደሪያው ደግሞ ከተንጋደደና ከተላቀቀ ሪኬቲ በዪው። ዲላፒዴትድ የሚለውን ለቤት፣ ለአጥር፣ ቢበዛ ለተጣለ መኪና አስቀምጪ፤ ውስጡ ድንጋይ የሚል የላቲን ቃል ስላለ ለልብስ ሲነገር ያስቃል። ሆን ተብሎ ጉልበቱ የተቀደደ አዲስ ጂንስ ደግሞ ዲስትረስድ ይባላል፤ በቁሙ የተጨነቀ እንደማለት ነው። ለቀዳዳ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን እናትሽ እስካሁን አልተቀበለችውም፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

አሁን ከጨርቅ እንውጣ። ትሬድቤር ለሰበብ፣ ለክርክር፣ ለቀልድ፣ ለፊልም ታሪክ ይነገራል። እዚህ ላይ ውሃ የማያነሳ እያልሽ እንዳትተረጉሚው። ውሃ የማያነሳ ሰበብ ዛሬ ተፈጥሮ ዛሬ ሊወድቅ ይችላል። ትሬድቤር የሆነ ሰበብ ግን አንድ ቀን ጥሩ ሰበብ ነበር፤ ደጋግመው ስለ ለበሱት ከሥሩ ያለው ሐሰት መታየት ጀመረ። ያረጀ ያፈጀ የሚለው የእኛ አባባል የተሻለ ይቀርበዋል። አገርም ነትቦ ያውቃል፤ ሼክስፒር በ1590ዎቹ በጻፈው በሄንሪ ስድስተኛ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ ሠሪው ጃክ ኬድ ሲያምፅ ተከታዮቹ ስለ እንግሊዝ የሚያወሩት እንደ አሮጌ ካፖርት ነው፦ ተገልብጣ ትሰፋ፣ አዲስ ጸጉርም ይበጠርላት፣ ነትባለችና ይላሉ። የሸሚዝ ኮሌታ ሲነትብ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማስገልበጥ ለኛም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቀልዱ ያለ ማብራሪያ ይገባናል። የኳስ ጋዜጠኞቻቸው ደግሞ ተጫዋቾች በጉዳት ሲረግፉና አሰልጣኙ የሚያስገባው ሰው ሲያጥረው ስብስቡ ትሬድቤር ሆነ ይላሉ። የኛዎቹ ስብስቡ ሳሳ ይላሉ፤ ማንም ከማንም ሳይኮርጅ አንድ ቦታ ተገናኙ።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄጂ የሚያደናቅፉሽ ሦስት ቃላት አሉ። ሰልባጅን ዎርን አውት ብለሽ አትተርጉሚ። ሰልባጅ ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ነው እንጂ ያለቀ ላይሆን ይችላል፤ ቦንዳው ሲፈታ ዋጋው እንኳ ያልተነሳለት አዲስ ሸሚዝ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሰከንድሃንድ በዪው፣ ይበቃዋል። ውራጅ ደግሞ ከታላቅ ወደ ታናሽ የወረደ ነው፤ እንግሊዝኛው ሃንድ ሚ ዳውን ይለዋልና መውረዱ እንኳ አልጠፋም። ዜና ላይ የምትሰሚው ልባሽ ጨርቅ የጉምሩክ ቋንቋ ነው፤ ዩዝድ ክሎዚንግ ብለሽ እለፊው። ልባሽን ከለበሰ እንዳወጣነው እነሱም ዎርንን ከመልበስ ነው ያወጡት፤ በእነሱ ዘንድ መልበስም፣ በመልበስ ማለቅም አንድ ግሥ ነው። ለዚህ ነው ዎርን ብቻውን ሲቀር የተለበሰ ይሁን ያለቀ የማይታወቀው። አውት ሲጨመርበት ነው የሚያልቀው።

ይኼን ሁሉ በቃልሽ ያዥ አልልሽም። አንድ ቅዳሜ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ውረጂ። ማስታወሻ ደብተር ያዥ፤ ቦርሳሽን ግን ከፊት አድርጊው። እዚያ ያላለቀ ነገር የለም፤ ያልተጠገነም የለም። አንድ ዕቃ አንሺና ስሙን ከመጻፍሽ በፊት የት ቦታ እንዳለቀ ጻፊ፤ ጠርዙ ነው፣ ፊቱ ነው፣ መያዣው ነው፣ ሶሉ ነው? ቀጥሎ ምን እንዳስጨረሰው ጻፊ፤ እጅ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ውሃ ነው፣ ዝገት ነው? ቃሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም አንድ ብቻ ሆኖ ይመጣል። ሦስት ቃል ደርድረሽ የምታማርጪ ከሆነ ዕቃውን ገና በደንብ አላየሽውም። ባለ ሱቁ ትገዢ እንደሆነ ይጠይቅሻል፤ አንድ የበር እጀታ ግዢው፤ የእኔ በር እጀታው ወልቋል።

ጽሑፉን ለአዘጋጅሽ ከመስጠትሽ በፊት ጫማውንና መደርደሪያውን እንደነገርኩሽ አስተካክዪ። ምንጣፉን ትሬድቤር ማለትሽ ትክክል ነበር፤ አትንኪው። ስለ ካፖርቱ የጻፍሽውን አንቀጽ ግን ይዘሽ ወደ መምህሩ ተመለሺና ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ዕድሜያቸውን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሻቢ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።